ጎሕ ሳይቀድ የመጡ ሸኚዎች

በእኛ ቤት ፀሐይ ሳትወጣ በር አይንኳኳም ነበር። ማንም ተሰብስቦ የወሰነው ነገር አይደለም፤ ግን ከመካኒሳ አቦ ቁልቁል ወደ ወንዙ ያለ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ እንኳ የሌላውን ሰው ወተት አዳርሳ ስታበቃ፣ የእኛን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ፀሐይ የጣሪያችንን ቆርቆሮ እስክትነካ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ነው በሩን ገፋ አድርጋ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደራችሁ፣ የምትለው። አንድ ጊዜ በብርዱ አሳዝናኝ ቀደም ብላ እንድትገባ ብነግራት፣ አእምሮዬን የሳትኩ ይመስል ትክ ብላ አየችኝ።

ምክንያቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። የባሕር ኃይል ወታደር ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ቀይ ባሕር ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። መንግሥት ተለወጠ፣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ የሰፈራችን ልጆችም አንዳንዶቹ በሱዳን፣ አንዳንዶቹ በየመን ዞረው፣ አንዳንዶቹ በእግራቸው እየተጎተቱ መጡ። አንዱ «የመን ወደብ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከስቷል እንጂ ደኅና ነው» አለን። ሌላው ደግሞ የነበረባት ጀልባ ከነሰዎቿ ስትሰምጥ ማየቱን ለጎረቤት ነግሯል አሉ። እኛ ፊት ግን ቀርቦ አልተናገረም፤ ጎረቤትም ሰምቶ ዝም አለ። እኔ የሰማሁት በጎን ነው። እናቴ ትስማ አትስማ ጠይቄያት አላውቅም።

መርዶ ደግሞ በጎን ወሬ አይመጣም፤ በወጉ ነው የሚመጣው። ጎሕ ሳይቀድ፣ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢና ነጠላቸውን ለብሰው ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። እናቴ ያንን ማንኳኳት እየፈራች ዓመታት አለፉ። በሩ ሳይንኳኳ ፀሐይ ከወጣች፣ ልጇ ለዚያ ቀን በሕይወት አለ ማለት ነው። ያኔ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ እሳት ታቀጣጥላለች፣ ቀኑን እንደማንኛውም ሰው ትውላለች።

የእድራችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ጥቁር ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ነገር ግን የሰፈሩን መርዶ ሁሉ ከፊት ሆነው የሚያረዱት እሳቸው ስለሆኑ፣ ያ ካፖርት በማለዳ ብቅ ሲል የማይደነግጥ ቤት አልነበረም። ምስኪን ሰውዬ፣ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ በየአጥሩ ሥር ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ «ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፣ ዳቦ ቤት ነው» እያሉ ያልፉ ነበር። እኔ እስቅባቸው ነበር። እናቴ ግን ድምፃቸው እስኪርቅ ድረስ ከተቀመጠችበት አትንቀሳቀስም።

ሌላም ነገር ነበር። ወንድሜ በር ማንኳኳት አይወድም። ከልጅነቱ ጀምሮ ልማዱ ጠጠር አንሥቶ ጣሪያው ላይ መወርወር ነው። ጠጠሩ ቆርቆሮውን መታ ያደርግና እየተንከባለለ ይወርዳል፤ እናቴም «ጣሪያዬን በሳኸው» እያለች ሄዳ ትከፍትለታለች። ከአጥራችን ጀርባ ደግሞ ሰፈሩ ከተማ ሳይሆን ጀምሮ የነበረ የአንድ ገበሬ ባሕር ዛፍ አለ። በነፋስ ወራት ፍሬው ሲረግፍ ቆርቆሮው ላይ የሚሰማው ድምፅ ከጠጠር አይለይም። እናቴ ስንት ጊዜ ሽንኩርት ከመክተፍ ተነሥታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ በሩን ከፍታ መንገዱን እንዳየች እንጃ። ቆይታ ትመለሳለች። ሽንኩርቷን መክተፍ ትቀጥላለች። አንድ ቀን መሮኝ «ይህን ዛፍ እንዲቆርጥልን ገበሬውን ልለምነው ነው» ብላት «ምን አደረገሽ?» አለችኝ። ድምፁን እንደምትፈልገው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዛፉ አላነሣሁም።

እኔ ሥራዬ ድንጋይና አፈር ማጥናት ነው። ይህን ለሰፈር ሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። እናቴ ሲጠይቋት «መሬት ታስቆፍራለች» ስለምትል፣ ግማሹ ጎረቤት ለቡ በኩል ለሚሠሩት ቤቶች መሠረት የማስቆፍር ይመስለው ነበር። «ለልጃችን ቤት መሠረት ስንት ይበቃል?» ብለው በመንገድ ያስቆሙኝ ሰዎች አሉ። ትከሻዬን ነቅንቄ «ጥልቅ አድርጉት» እላቸዋለሁ፤ መካኒሳ ላይ ይህ ምክር አይሳሳትም። ጥቁሩ አፈራችን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆየለት ሰው የለም።

የአገራችንን መሬት የሚከፍለው ትልቁ ስንጥቅ በአፋር አልፎ ባሕር ውስጥ ይገባል። እዚህ በእግራችን የምንረግጠው ነገር እዚያ ከውኃ በታች ይቀጥላል። ያንን የባሕር ወለል ለማጥናት ከጅቡቲ በሚነሣ የምርምር መርከብ ላይ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ቦታ ተገኘና ዕድሉ ለእኔ ደረሰ። አገራችን የባሕር በር ካጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበርና የሥራ ባልደረቦቼ «ስትመለሺ አንዱን ወደብ ይዘሽልን ነይ» እያሉ ቀለዱብኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ፤ ለእናቴ ሳልነግራት ቀናት አለፉ።

በመጨረሻ የነገርኳት ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ምስር ስትለቅም ነው።

«መርከብ ላይ?» አለች።

«አዎ፣ መርከብ ላይ።»

«የትኛው ባሕር?»

«ከጅቡቲ ወዲያ ያለው። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ይሉታል።»

«ከቀይ ባሕር ጋር ይገናኛል?»

ብዋሻት ደስ ባለኝ። «ይገናኛል» አልኳት።

ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አወረደች። «እዚያ ሄዳችሁ ምን ልታደርጉ ነው?»

«የባሕሩን ታች ልናይ። በገመድ ታስሮ የሚወርድ ካሜራ አለ። ጭቃውንም በረጅም የብረት ቱቦ እናወጣለን።»

«ታች ያለውን ሁሉ ታያላችሁ?»

«እንዴት ሁሉን እናያለን፣ እማዬ? ባሕር እኮ ነው። እኛ የምናየው ይህችን ሰፌድ ያህላል።»

ሰፌዱን አየችው። ምስሩ ውስጥ ጣቷን አስገባች። «ሂጂ» አለች፤ «እንጀራሽ ነው፤ አልከለክልሽም። ግን አንድ ነገር ማዪልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እዚያ ብታዪው እንዳትነግሪኝ።»

ተናደድኩ። እኔ ስጨነቅ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ቁጣ ነው። ውኃው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ ቦታውም እሱ የነበረበት እንዳልሆነ፣ ሰው የሚባል ነገር እዚያ እንደማይገኝ እየጮኽኩ አስረዳኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና «ማዪልኝ» አለች እንደገና። ማልኩላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የባሕሩን ካርታ እንደ ባልደረቦቼ ማየት አልቻልኩም። እነሱ ሸንተረርና ሸለቆ ሲቆጥሩ የእኔ ዓይን ሰው ይፈልጋል።

እናቴ ግን መሐላዬን ከተቀበለች በኋላ ቀለል አላት። በሶ አዘጋጀች፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሰች። መርከብ ላይ ምግብ አለ ብላት «የፈረንጅ ምግብ ሆድ አይዝም» ብላ ዘጋችኝ። ለጎረቤት ሁሉ ነገረች፤ «ልጄ ባሕር ልታጠና ነው» ስትል ስሰማት ገረመኝ፤ ባሕር የሚለውን ቃል ዓመታት ሙሉ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አውሮፕላኑ በማለዳ ስለሆነ ከቤት የምወጣው ገና ሳይነጋ ነበር። ይህ አስጨነቀኝ። ስለዚህ የሰፈራችንን ላዳ ሹፌር፣ በራችን ድረስ እንዳይመጣ፣ ጡሩምባም እንዳያሰማ፣ አስፋልቱ ዳር ሆኖ እንዲጠብቀኝ ለመንኩት። ሰዓቱን ለማንም እንዳይናገርም አደራ አልኩት። አንገቱን እየነቀነቀ «እኔ ነኝ የማወራው?» አለኝ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰዓቱን ያውቅ ነበር፤ ይህንን የሰማሁት ግን በኋላ ነው።

በመሄጃዬ ጠዋት እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ለብሳለች። እስከ አስፋልቱ ልትሸኘኝ የበሶውን ቋጠሮ በእጇ ይዛለች። እኔ የሻንጣዬን ማሰሪያ እያጠበቅሁ ሳለ ከአጥሩ ውጭ የብዙ ሰው እግር ሰማን። ከዚያ ዝቅ ያለ ሹክሹክታ። ከዚያ በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

ልነሣ ስል እናቴ ቀደመችኝ። ማን ነው ብላ አልጠየቀችም።

በሩ ሲከፈት ከፊት የቆሙት የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ በካፖርታቸው። ከኋላቸው ጎረቤቶቻችን ጋቢና ነጠላ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ያለ ሰዓቱ በመምጣታቸው አፍረው ነው መሰል አንገታቸውን ደፍተዋል። ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንደምን አደራችሁ። እስቲ እንግባ» አሉ። መርዶ ሲያረዱም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሌላ አገባብ አያውቁም።

እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። የበሶውን ቋጠሮ እንዳይፈስ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራች።

የእናቴን ለቅሶ ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ለአባቴ ስታለቅስ፣ ለጎረቤት ስታለቅስ። ይህ ሌላ ነበር። ዓመታት ሙሉ የዋጠችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። አንዷ ጎረቤታችን የያዘችውን ድፎ ዳቦ አጠገቧ ላለው ሰው አቀብላ ፊቷን ያዘች። እኔ ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ሰምተዋል፣ አልኩ በልቤ፤ ሞቷል ማለት ነው። መርዶ ከየት ሰማችሁ ተብሎ አይጠየቅም። የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለው የሚያውቅ ይመስለዋል። እንዲያ ሆነን ምን ያህል እንዳለቀስን አላውቅም።

ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ልጄ፣ መቼ ሰማችሁ? ማን ነገራት?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኩ። «እናንተ አይደላችሁ ያመጣችሁት?»

«እኛ?» አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኛማ አንቺን ልንሸኝ ነው የመጣነው። ሰዓቱን ከሹፌሩ ሰምተን ... ሳንመርቃት አትሄድም ብለን ... ዳቦም አስጋግረናል።» ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። «ይህን ሁሉ ዓመት ተጠንቅቄ፣ ዛሬ ለደስታ ነው ብዬ ረሳሁት።»

እሳቸውን ላጽናና ወይስ ልጩኽባቸው ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ሰው ናቸውና አልሸሹም። በሴቶቹ መካከል አልፈው እናቴ ፊት ተንበረከኩ።

«እኅቴ» አሉ፤ «ተሳስተናል። ስለ ልጅሽ የሰማነው ነገር የለም። መርዶ አይደለም፤ ለሽኝት ነው የመጣነው።»

ሁሉም ሰው እናቴን ያያል። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጠረገችና ቀና አለች።

«አውቃለሁ» አለች። «ዳቦውን አይቻለሁ።»

ሰብሳቢው ዞር ብለው ዳቦውን አዩት።

«አንዴ አምጥታችሁታል» አለች እናቴ። «መልሳችሁ አትውሰዱብኝ። ከእንግዲህ ሌላ ጠዋት መጠበቅ አልችልም።»

ማንም አልተከራከራትም። ሰብሳቢው እዚያው ተንበርክከው እንዳሉ ማልቀስ ጀመሩ፤ የዚያ ሰው እንባ ሲወርድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠርገው ተነሡና የሚያውቁትን ሥራ ጀመሩ። አንዱን ድንኳን እንዲያመጣ ላኩ፤ ሌላውን ወደ አቦ፣ ካህናቱን ለፍትሐት እንዲጠራ። ለእኔ የተጋገረው ዳቦ ለለቅሶ ቤቱ ተቆረሰ።

እኔ አልሄድም አልኩ። ሻንጣዬን ወደ ቤት መልሼ ከእናቴ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ከልቤ ነበር። መርከቡ እንደማይጠብቀኝ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ተመልሶ እንደማይመጣም አውቃለሁ። ግን የወንድሜን ለቅሶ ትቼ የት እሄዳለሁ?

እናቴ አየችኝ። ተነሥታ በሩ አጠገብ ጎንበስ አለች፤ ወንድሜ ጠጠር የሚያነሣበት ቦታ ነው። ደረቁን ጥቁር አፈር በጥፍሯ ፋቀችና እፍኝ ሞላች። መሐረብ ውስጥ ቋጥራ እጄ ላይ አኖረችው።

«ለቅሶውን እኔ እቀመጣለሁ» አለችኝ። «አንቺ ሄደሽ አፈር አልብሺው።»

«እማዬ፣ እዚያ መሆኑን በምን አውቄ?»

«ባሕሩ ይገናኛል አላልሽኝም?»

መሐረቡን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ። ጉንጬን ሳመችና ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ብታዪው ግን አሁንም አትንገሪኝ» አለች።

ከበር ስወጣ የድንኳኑን ብረት የተሸከሙ ወንዶች ሲገቡ ተላለፍን። ሹፌሩ ለቅሶውን አስፋልቱ ድረስ ሰምቶ እያለቀሰ ነበር የጠበቀኝ፤ ልገሥጸው ያዘጋጀሁትን ቃል ዋጥኩት። ላዳው ጎፋ ሲደርስ ፀሐይ ወጣች። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ ዛሬ ድንጋዩ ላይ አትቀመጥም።

ስለ መርከቡ ብዙ አላወራም። ሥራው ሥራ ነው። ቱቦው ወርዶ ይወጣል፣ ጭቃው ተቆርጦ ይታሸጋል፣ ሰው በፈረቃ ይተኛል። ቱቦው ሲራገፍ የባሕሩ ጠጠር የመርከቡ ብረት ላይ ይረግፋል፤ ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ወደ ቀይ ባሕር አንገት የቀረብን ቀን ማንም ሳያየኝ ከኋላ በኩል ወጥቼ መሐረቡን ፈታሁ። የባሕር ወለል ሊያጠና የሄደ ሰው የመካኒሳን አፈር እዚያ መበተኑ በሙያዬ ነውር ነው፤ ናሙና ማበላሸት ይባላል። ጓሉ ወዲያው ሰመጠ፤ ትቢያው ግን ውኃው ላይ ጥቁር ሆኖ ቆየ። «ነፍስህን ይማር» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ፣ ተራዬ ሆኖ የካሜራውን ምስል ስከታተል፣ ግራጫው ጭቃ ላይ አንድ ጫማ አለፈ። የወንድ ጫማ፣ ማሰሪያው እንደታሰረ። ባሕር ውስጥ ጫማ ይገኛል፤ ከመርከብ ይወድቃል፣ ማዕበል ይወስደዋል። የማን እንደሆነ የሚናገር ሰው የለም። ካሜራው ወደፊት ሄደ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ስመለስ እናቴ ጥቁር ለብሳለች። ግን ቀለል ብሏታል፤ ጠዋት ጠዋት ትተኛለች። በራችን በማንኛውም ሰዓት ይንኳኳል። ሰብሳቢው በእኛ አጥር ሲያልፉ «ዳቦ ቤት ነው» ማለታቸውን ትተዋል። ስለ ባሕሩ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አለበስሽው?» አለችኝ። አለበስኩት አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

የነፋሱ ወራት ሲመጣ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በረንዳው ላይ አብረን ምስር እንለቅም ነበር። ጣሪያው ላይ አንድ ነገር መታ አደረገና እየተንከባለለ ወረደ። እናቴ አንገቷን እንኳ ቀና አላደረገችም።

«የባሕር ዛፉ ፍሬ ነው» አለች።

እኔ ግን ቆሜ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ በሩን ከፈትኩ። መንገዱ ላይ አቧራ እንጂ ሰው አልነበረም።

«ማን ነው?» አለች እናቴ ከኋላዬ።

«ማንም የለም» አልኳት። በሩን ግን ወዲያው አልዘጋሁትም።